ክሪስቶፈር ስትሬቺና የዳታ ዓይነቶች ሁለት መልክ፦ ከኮፐንሃገን ትምህርቶች እስከ ማፕድ ታይፕ

አኅጽሮት

ክሪስቶፈር ስትሬቺ (1916–1975) የፕሮግራም ቋንቋዎችን ጥናት በሒሳብ መሠረት ላይ ካቆሙት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ የስትሬቺን ሕይወትና ሥራ በአጭሩ ይተርካል። በ1967 በኮፐንሃገን ባስተማረበት ወቅት በፓራሜትሪክና በአድሆክ ፖሊሞርፊዝም መካከል ያሰመረው ልዩነት፣ ዛሬ በታይፕስክሪፕት ማፕድ ታይፕ ላይ የሚታየውን ያልተጠበቀ ጠባይ ለመረዳት እንደሚያገለግልም ያሳያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ክሪስቶፈር ስትሬቺ፣ የዳታ ዓይነት፣ ፖሊሞርፊዝም፣ ማፕድ ታይፕ፣ ታይፕስክሪፕት

1. መግቢያ

በፕሮግራም ቋንቋዎች ጥናት ውስጥ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። አንድ ደንብ ለብዙ የዳታ ዓይነቶች ያገለግላል ሲባል በሁሉም ላይ የሚሠራው ሥራ በእርግጥ አንድ ነውን? ወይስ በአንድ ስም ሥር ለየዓይነቱ የተዘጋጁ የተለያዩ ደንቦች ተሰብስበው ይገኛሉ? ጥያቄው ረቂቅ ቢመስልም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ በዕለት ሥራው የሚገናኘው ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ታይፕስክሪፕት ነው። ቋንቋው ፕሮግራሙ ከመሮጡ በፊት የዳታ ዓይነቶችን ይመረምራል፤ ከ2016 ማብቂያ ጀምሮም ማፕድ ታይፕ የተባለ መሣሪያ አለው። ማፕድ ታይፕ ከአንድ ነባር ዓይነት ሌላ ዓይነት ያወጣል። ይህን የሚያደርገውም የነባሩን ዓይነት ቁልፎች አንድ በአንድ እየተከተለ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ደንብ በመፈጸም ነው። ስም፣ ዕድሜና የትምህርት ክፍል የሚሉ ቁልፎች ያሉት የተማሪ መዝገብ ቢኖር፣ ሦስቱም ቁልፎች ሳይሞሉ ሊታለፉ የሚችሉበትን ሌላ የመዝገብ ዓይነት በአንድ መስመር ማውጣት ይቻላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ይሁንና ያው ደንብ በመዝገብ ፋንታ የቁጥሮች ዝርዝር ሲሰጠው፣ ዝርዝሩ የቀረበበት መንገድ ብቻ በመለየቱ ውጤቱ ሁለት ዓይነት ይሆናል። ደንቡን የጻፈው ሰው የኮምፓይለር ስሕተት ያገኘ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ስሕተት ሳይሆን በቋንቋው ውስጥ ታስቦበት የገባ ውሳኔ ነው።

ይህን ሁኔታ ለመግለጽ የሚያስፈልጉትን ቃላት ያዘጋጀው ታይፕስክሪፕት ለሕዝብ ከመቅረቡ ከ37 ዓመት በፊት የሞተው እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ስትሬቺ ነው። የስትሬቺ ሕይወት በብዙ መልኩ ያልተጠናቀቁ ሥራዎች ታሪክ ነው። ዲግሪው መካከለኛ ነበር፤ እስከ 35 ዓመቱ ድረስ የትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሠርቷል፤ የነደፈው ቋንቋ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ አልዋለም፤ ዋና ትምህርቶቹም በሕይወት ሳለ አልታተሙም። የተዋቸው ጽንሰ ሐሳቦች ግን ከእሱ ዕድሜ አልፈው የዘርፉ የጋራ ንብረት ሆነዋል።

2. ትውልድና ትምህርት

ክሪስቶፈር ስትሬቺ እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1916 በለንደን ሃምፕስቴድ ተወለደ። አባቱ ኦሊቨር ስትሬቺ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የጠላትን ምስጢራዊ መልእክቶች በመፍታት ያገለገለ ባለሙያ ነበር። እናቱ ሬይ ስትሬቺ ሒሳብ የተማረች፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችና የዚያንም ትግል ታሪክ በ1928 በመጽሐፍ ያሳተመች ሴት ነበረች። ኢትዮጵያውያን የእንግሊዝ ሴቶችን የመምረጥ መብት ትግል በይበልጥ የሚያውቁት አዲስ አበባ በሚገኘው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባረፉት በሲልቪያ ፓንክረስት ስም ነው። የሬይ ስትሬቺ ወገን ከፓንክረስቶች የተለየ፣ በሕጋዊ መንገድ ብቻ መብትን መጠየቅ የመረጠው በሚሊሰንት ፎሴት የሚመራው ክንፍ ነበር። የአባቱ ወንድም ሊተን ስትሬቺም የሕይወት ታሪክ አጻጻፍን በአዲስ መልክ በመቅረጽ የታወቀ ደራሲ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር በቅርብ የሚያያዘው ግን በእናቱ በኩል ያለው ዝምድና ነው። የሬይ አክስት አሊስ የፈላስፋው የበርትራንድ ራስል የመጀመሪያ ሚስት ነበረች። ራስል ራሳቸውን የማይዙ ስብስቦችን በሙሉ የሚይዝ ስብስብ ሲታሰብ የሚፈጠረውን ተቃርኖ ለማስወገድ በ1903፣ ከዚያም በተሟላ መልኩ በ1908 የዓይነቶችን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት እያንዳንዱ ነገር የራሱ ደረጃ አለው፤ ደረጃን የሚያደበላልቅ ዐረፍተ ነገርም ሐሰት ከመባሉ በፊት ትርጉም የለሽ ተብሎ ይጣላል። ዛሬ አንድ ኮምፓይለር ቁጥርን ከጽሑፍ ጋር ያደባለቀ ፕሮግራም ሳይሮጥ ሲመልስ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ሐሳብ ጋር ሥር አለው። ስለዚህ የዓይነት ጽንሰ ሐሳብ ወደ ሒሳብ የገባው በስትሬቺ ቤተ ዘመድ በኩል ነበር ማለት ይቻላል።

ስትሬቺ በግሬሻምስ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1935 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። የጀመረው በሒሳብ ነው፤ በኋላ ወደ ፊዚክስ ዞረ። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የአእምሮ ጤና መታወክ ደርሶበት ትምህርቱን አቋረጠ፤ ተመልሶም በ1939 መካከለኛ በሆነ ውጤት ተመረቀ። ውጤቱ ለምርምር ትምህርት የሚያበቃ አልነበረም። በዚያው ኮሌጅ ተመራማሪ ከነበረው ከአለን ቱሪንግ ጋር መተዋወቁ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ፍሬ አፈራ።

3. ከመምህርነት ወደ ኮምፒውተር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስትሬቺ በስታንዳርድ ቴሌፎንስ ኤንድ ኬብልስ ኩባንያ የፊዚክስ ተመራማሪ ሆኖ ለራዳር የሚያገለግሉ የኤሌክትሮን ቱቦዎችን ንድፍ ያጠና ነበር። የንድፉ ስሌት በእጅ የማይዘለቅ ስለነበር ዲፈረንሻል አናላይዘር በተባለ የሜካኒካል ማስሊያ መሣሪያ ተጠቀመ። ከማስላት መሣሪያዎች ጋር የተዋወቀው በዚህ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ በካንተርበሪ የሴንት ኤድመንድስ፣ ከ1949 ጀምሮም በታዋቂው የሃሮው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

በ1951 መጀመሪያ በወዳጅ አስተዋዋቂነት የእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪን ጎበኘ፤ በዚያ የነበረውን ፓይለት ኤስ የተባለ ኮምፒውተርም አየ። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት ዕረፍቱን ሁሉ ለፕሮግራም ሰጠ። መጀመሪያ የጻፈው የዳማ ጨዋታ ፕሮግራም ሲሆን የፓይለት ኤስ ማኅደረ ትውስታ አልበቃው አለ። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፌራንቲ ማርክ አንድ የተባለ ከፍ ያለ ኮምፒውተር እንዳለው በሰማ ጊዜ ወደ ቱሪንግ ጻፈ። ቱሪንግም ያዘጋጀውን የፕሮግራም መመሪያ ላከለት፤ ኮምፒውተሩ የራሱን አሠራር እንዲያስመስል የሚያደርግ ፕሮግራም እንዲጽፍም ሐሳብ አቀረበለት። ስትሬቺ ይዞ የመጣው ፕሮግራም አንድ ሺህ ያህል ትእዛዞች ያሉት ሲሆን በዚያ ማሽን ላይ እስከዚያ ጊዜ ከተሞከሩት ሁሉ ረጅሙ ነበር። ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጨርስ የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር በኮምፒውተሩ ድምፅ ማሰሚያ አሰማ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ራዲዮ በማሽኑ የተጫወቱ ዜማዎችን ቀድቷል።

በ1952 የዳማው ፕሮግራም ሙሉ ጨዋታ መጫወት ቻለ። በዚያው ዓመት ስትሬቺ ቃላትን በዘፈቀደ እየመረጠ የፍቅር ደብዳቤ የሚያቀናብር ፕሮግራም ጽፏል። ደብዳቤዎቹ ከተወሰኑ የዐረፍተ ነገር ቅርጾችና በየክፍላቸው ከተደረደሩ ቃላት የሚወጡ ነበሩ፤ በስም ቦታ ስም፣ በቅጽል ቦታ ቅጽል እንጂ ሌላ አይገባም። ጨዋታ ቢመስልም ቅርጹ ሳይለወጥ ይዘቱ ብቻ ሲተካ ምን እንደሚገኝ የመመርመር ዝንባሌው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይታያል።

በዚያው ዓመት መምህርነቱን ትቶ አዳዲስ ግኝቶችን ወደ ሥራ ለማሸጋገር የተቋቋመውን ብሔራዊ የምርምር ልማት ኮርፖሬሽን ተቀላቀለ። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለሴንት ሎረንስ የውኃ መንገድ ግንባታ የተደረገውን ስሌት አገዘ፤ ፔጋሰስ በተባለው የፌራንቲ ኮምፒውተር ንድፍም ተሳተፈ። በ1959 ዩኔስኮ በፓሪስ ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ አንድ ፈጣን ኮምፒውተር በርካታ ሥራዎችን እያፈራረቀ የሚያከናውንበትን አሠራር የሚያስረዳ ጥናት አቀረበ።

4. ሲፒኤል፦ ያልተጠናቀቀው ቋንቋ

ስትሬቺ በ1959 ኮርፖሬሽኑን ለቅቆ የግል አማካሪ ሆነ። በ1960 ፒተር ላንዲን የተባለ ወጣት ተመራማሪ ቀጠረና፣ ከአማካሪነት ባገኘው ገቢ እየከፈለ በፕሮግራም ቋንቋዎች ንድፈ ሐሳብ ላይ እንዲሠራ አደረገው። ላንዲን አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ ያዘጋጀውን ላምዳ ካልኩለስ የፕሮግራም ቋንቋዎችን ትርጉም ለመግለጽ ተጠቀመበት። ኩባንያዎች ለተግባራዊ ሥራ የከፈሉት ገንዘብ በዚህ መንገድ ለዘርፉ መሠረታዊ ምርምር ዋለ።

በ1962 ስትሬቺ ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ ከዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ላቦራቶሪ ባልደረቦች ጋር አዲስ ቋንቋ መንደፍ ጀመረ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችም ተጨምረውበት ቋንቋው ሲፒኤል ተባለ። ዋና ዋና ባሕርያቱ በ1963 ታትመዋል። ሲፒኤል ለሳይንሳዊ ስሌትም ለሌላ ሥራም እንዲሆን፣ እያንዳንዱም አገላለጽ የጠራ ትርጉም እንዲኖረው ታስቦ የተነደፈ ሲሆን ከዘመኑ ኮምፒውተሮች አቅም በላይ ሆነ። ሙሉ ኮምፓይለርም አላገኘም። ይሁንና ማርቲን ሪቻርድስ ቋንቋውን አቅልሎ በ1967 ቢሲፒኤልን አወጣ፤ ከቢሲፒኤል ቢ፣ ከቢም በ1972 የዴኒስ ሪቺ ሲ ተወለደ። የታይፕስክሪፕትን አጻጻፍ ያየ ሰው የሲን መልክ በቀላሉ ያውቀዋል።

ስትሬቺን ግን ሲፒኤል ያስተማረው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቋንቋ ሲነደፍ የንድፉ ባለቤቶች ራሳቸው በአንድ ቃል የተለያየ ነገር ይረዱ ነበር። እሴት ምንድን ነው? አንድ ስም የሚያመለክተው እሴቱን ነው ወይስ እሴቱ የተቀመጠበትን ቦታ? ዓይነት የሚባለው የማን ጠባይ ነው፣ የስሙ ወይስ የእሴቱ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ቋንቋ መሥራት ሳይለኩ ቤት እንደ መሥራት ሆኖ ታየው።

5. የ1967ቱ የኮፐንሃገን ትምህርቶች

በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፕሮግራሚንግ የምርምር ቡድን ተቋቋመ፤ ስትሬቺም እስከ ዕለተ ሞቱ መራው። ቡድኑ ከተመሠረተ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1967፣ በኮፐንሃገን በተካሄደ ዓለም አቀፍ የክረምት ትምህርት ላይ የፕሮግራም ቋንቋዎችን መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች አስተማረ። ትምህርቶቹ ከሲፒኤል የተነሡትን ጥያቄዎች በተራ የሚመልሱ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቁልፍ ናቸው።

የመጀመሪያው የመተካካት ሕግ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ሪፈረንሻል ትራንስፓረንሲ ይባላል። ስትሬቺ ሐሳቡን ከአሜሪካዊው ፈላስፋ ከኳይን ወስዶ ወደ ፕሮግራም ቋንቋዎች አመጣው። በሕጉ መሠረት የአንድን ሰፊ አገላለጽ ዋጋ ለማወቅ በውስጡ ካለው ንዑስ አገላለጽ የሚያስፈልገን ዋጋው ብቻ ነው፤ ያ ዋጋ በስም ተጠርቶ ይምጣ ወይም በቀጥታ ተጽፎ ይገኝ ልዩነት ሊያመጣ አይገባም። ሕጉ ባለበት ቋንቋ አንባቢ ክፍሉን ተረድቶ ሙሉውን መረዳት ይችላል። ሕጉ በሌለበት ግን የእያንዳንዱን ክፍል አመጣጥ መከታተል ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው የፖሊሞርፊዝም ክፍፍል ነው። ፖሊሞርፊዝም አንድ ፈንክሽን ከአንድ በላይ በሆኑ ዓይነቶች ላይ መሥራት መቻሉ ነው። ስትሬቺ ይህን ለሁለት ከፈለው። የመደመር ምልክት በሙሉ ቁጥርም በክፍልፋይ ቁጥርም ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ለሁለቱ የሚፈጽመው ሥራ የተለያየ ነው። አንድ ስም ለሁለት ሥራዎች ተሰጠ እንጂ ሥራው አንድ አይደለም። ይህን አድሆክ አለው፤ እንደየሁኔታው የሚወሰን ማለት ነው። ለሌላው ወገን የሰጠው ምሳሌ ማፕ የተባለው ፈንክሽን ነው። ማፕ አንድ ፈንክሽንና አንድ ዝርዝር ይቀበላል፤ ፈንክሽኑን በዝርዝሩ አባላት ላይ በተራ ፈጽሞ የውጤቶቹን ዝርዝር ይመልሳል። አባላቱ ቁጥሮች ይሁኑ፣ ጽሑፎች ወይም ሌሎች ዝርዝሮች፣ የማፕ ሥራ አይለወጥም። ይህን ፓራሜትሪክ ብሎ ሰየመው።

ልዩነቱን በታች ጋይንት አርብ ገበያ በዓርብ ቀን ከሚታየው ነገር ማስረዳት ይቻላል። ጆንያ በአህያ ጭኖ የሚያደርስ ሰው በውስጡ ያለው ጤፍ ይሁን ገብስ ወይም ባቄላ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የሁሉም አጫጫን አንድ ነው። ዋጋ የሚተምነው ነጋዴ ግን ጆንያውን ይፈታል፤ እፍኝ ዘግኖም ያያል፤ ለጤፍ አንድ፣ ለገብስ ሌላ ሒሳብ አለውና። የመጀመሪያው ሥራ ፓራሜትሪክ፣ ሁለተኛው አድሆክ ነው። ገበያ ያለ ሁለቱም አይቆምም፤ ስትሬቺም ከሁለቱ አንዱን ለማውገዝ አልተነሣም። የእሱ ጉዳይ አንዱ ሌላው መስሎ እንዳይታይ መለየት ነበር።

የእነዚህ ትምህርቶች ማስታወሻ የክረምቱ ትምህርት ጥራዝ ባለመውጣቱ ሳይታተም ቀረ። ቅጂዎቹ ግን ከተመራማሪ ወደ ተመራማሪ ተላለፉ። በጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ትምህርት በመምህር ቃልና በእጅ ጽሑፍ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደተሻገረ ሁሉ፣ የስትሬቺም ማስታወሻ ለ33 ዓመታት በቅጂ ሲነበብና ሲጠቀስ ቆይቶ በ2000 በአንድ የምርምር መጽሔት ታተመ።

6. ስኮትና የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ስትሬቺ በኦክስፎርድ የያዘው ትልቅ ዓላማ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ሒሳባዊ ትርጉም መስጠት ነበር። ለዚህም ዓይነት አልባውን ላምዳ ካልኩለስ ይጠቀም ነበር። በ1969 አሜሪካዊው የሥነ አመክንዮ ሊቅ ዴና ስኮት ወደ ኦክስፎርድ መጣ። ስኮት ዓይነት አልባው ላምዳ ካልኩለስ ሒሳባዊ ሞዴል የለውም፣ ስለዚህ ዓይነት ባለው ሥርዓት መተካት አለበት ብሎ ይከራከር ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ግን የለም ያለውን ሞዴል ራሱ አገኘ። ከዚህ ትብብር ዲኖቴሽናል ሴማንቲክስ የተባለው የጥናት መስክ ወጣ፤ የሁለቱ የጋራ ጽሑፍም በ1971 ቀረበ። በዚያው ዓመት ኦክስፎርድ ለስትሬቺ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጠው። በመካከለኛ ውጤት የተመረቀውና የዶክትሬት ዲግሪ ያልነበረው የቀድሞ መምህር በ54 ዓመቱ ከዚህ ደረሰ።

ከ1973 ጀምሮ ከተማሪው ከሮበርት ሚልን ጋር ለካምብሪጁ የአዳምስ ሽልማት የሚቀርብ ሰፊ ድርሰት አዘጋጀ። ድርሰቱ ሽልማቱን አላገኘም። ወደ መጽሐፍ በመለወጥ ላይ ሳሉ ስትሬቺ በጉበት ሕመም ተይዞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1975 በ58 ዓመቱ አረፈ። ሚልን ሥራውን ብቻውን ጨርሶ በ1976 በሁለቱ ስም አሳተመው።

7. የማፕድ ታይፕ ጠባይ በስትሬቺ መመዘኛ

የስትሬቺ ክፍፍል ከሞቱ በኋላ በሁለት አቅጣጫ አደገ። በፓራሜትሪኩ በኩል ሮቢን ሚልነር በ1978 የኤምኤልን የዓይነት ሥርዓት ንድፈ ሐሳብ አሳተመ፤ ጆን ሬይኖልድስም በ1983 ፓራሜትሪክ መሆን ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ ቋንቋ ገለጸ። ፊሊፕ ዋድለር በ1989 እንዳሳየው፣ አንድ ፈንክሽን ፓራሜትሪክ ከሆነ የውስጥ አሠራሩ ሳይታይ ከዓይነቱ ብቻ እርግጠኛ ድምዳሜዎች ይገኛሉ። ለምሳሌ የዝርዝሩን አባላት ቅደም ተከተል አገላብጦ ማፕ ማድረግና ማፕ አድርጎ ማገላበጥ አንድ ውጤት ይሰጣሉ። በአድሆኩ በኩል ደግሞ ዋድለርና ስቲቨን ብሎት በዚያው በ1989 ታይፕ ክላስ የተባለውን ሥርዓት አቀረቡ። ሥርዓቱ በሃስኬል ቋንቋ ውስጥ ገብቶ አንድ ፈንክሽን በአንዳንድ ዓይነቶች ላይ ብቻ በየራሳቸው ደንብ እንደሚሠራ በዓይነቱ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ አደረገ።

ወደ ማፕድ ታይፕ ሲመለሱ፣ ስሙም ቅርጹም የስትሬቺን ማፕ ያስታውሳል። ልዩነቱ በእሴቶች ላይ ሳይሆን በዓይነቶች ላይ መሥራቱ ነው። በዓይነት መለኪያ የተጻፈ ማፕድ ታይፕ ማንኛውንም ዓይነት ተቀብሎ በቁልፎቹ ላይ አንድ ደንብ የሚፈጽም ይመስላል፤ ላይ ላዩን ፓራሜትሪክ ነው። በተግባር ግን የነባሩን ዓይነት ቁልፎች በሙሉ በመለኪያው በኩል የሚከተል ከሆነ ኮምፓይለሩ የተሰጠውን ዓይነት ፈትቶ ያያል፤ ባየውም መሠረት ከበርካታ መንገዶች አንዱን ይመርጣል። የተሰጠው ተራ መዝገብ ከሆነ ደንቡ በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ይፈጸማል፤ ነባሩ ቁልፍ የማይለወጥ ወይም ሊታለፍ የሚችል ከነበረ ይህ ምልክቱ ወደ አዲሱ ዓይነት ይሸጋገራል። የተሰጠው እንደ ቁጥር ወይም ጽሑፍ ያለ መሠረታዊ ዓይነት ከሆነ ደንቡ ጨርሶ አይፈጸምም፤ ዓይነቱ እንዳለ ይመለሳል። የተሰጠው ዩኒየን፣ ማለትም ከተዘረዘሩት ዓይነቶች አንዱ መሆን የሚችል ዓይነት ከሆነ፣ ደንቡ በእያንዳንዱ አማራጭ ላይ ለብቻው ተፈጽሞ ውጤቶቹ ተመልሰው ይዋሐዳሉ። የተሰጠው አሬይ ወይም ተፕል ከሆነ ደግሞ ቁልፎቹ ቀርተው የአባላቱ ዓይነት ብቻ ይለወጣል፤ ውጤቱም አሬይ ወይም ተፕል ሆኖ ይቀራል።

በመግቢያው የተነሣው እንቆቅልሽ የሚመነጨው ከመጨረሻው መንገድ ነው። የቁጥሮች አሬይ በመለኪያ በኩል ሲያልፍ አባላቱ ብቻ ይለወጣሉ። ያው አሬይ በመለኪያው ቦታ በቀጥታ ተጽፎ ሲገኝ ግን ኮምፓይለሩ እንደ ተራ ነገር ይቆጥረዋል፤ የርዝመቱን ቁልፍና አባል ለመጨመር ወይም ለመቀነስ የሚያገለግሉትን ፈንክሽኖች ጭምር በደንቡ ይለውጣቸዋል። የሚገኘውም ዝርዝር ያልሆነ ነገር ነው። ዓይነቱ አንድ፣ ደንቡ አንድ፣ የተለየው ዓይነቱ በስም መምጣቱ ወይም በቀጥታ መጻፉ ብቻ ነው። ይህ ስትሬቺ በኮፐንሃገን ያስተማረው የመተካካት ሕግ በዓይነቶች ደረጃ መጣሱ ነው።

ሆኖም የንድፉን ባለቤቶች ከመውቀስ በፊት ምክንያታቸውን ማየት ይገባል። የአሬይና የተፕል ልዩ አያያዝ የተጨመረው በ2018 በወጣው ሦስት ነጥብ አንድ ዕትም ነው። ከዚያ በፊት አሬይ በመለኪያ በኩል ቢያልፍም የርዝመቱ ቁልፍና ፈንክሽኖቹ ሁሉ ይለወጡ ነበር፤ ይህም ለማንም የማይጠቅም ውጤት ነበር። ታይፕስክሪፕት አስቀድሞ የተጻፈ የጃቫስክሪፕት ፕሮግራምን በዓይነት ለመግለጽ የተሠራ በመሆኑ፣ ንጹሕ ሕግና ጥቅም በተጋጩበት ቦታ ጥቅም ተመርጧል። አድሆክ መሆኑ በራሱ ጉድለት አይደለም። ችግሩ በአጻጻፉ ላይ አድሆክነቱን የሚናገር ምልክት አለመኖሩ ነው፤ በጆንያ ተሸካሚ ልብስ የመጣ ዋጋ ተማኝ እንደ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው። ማፕድ ታይፕ የጻፈ ሰው ሥራውን በተራ መዝገብ ብቻ ሞክሮ መተው የለበትም። በመሠረታዊ ዓይነት፣ በዩኒየን፣ በአሬይና በተፕል ሊፈትነው ይገባል። አሬይንም በቀጥታ ከመጻፍ ይልቅ ሁልጊዜ በመለኪያ በኩል ማሳለፍ ውጤቱን ወጥ ያደርገዋል። የሌላ ሰው ማፕድ ታይፕ የሚያነብ ሰው ደግሞ ደንቡን ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ሊሰጠው እንደሚችልም መጠየቅ አለበት።

8. ማጠቃለያ

ስትሬቺ ለትውልድ የተወው በዋናነት የመለየት ልማድን ነው። የሲፒኤልን አለመጠናቀቅ እንደ ውድቀት ቆጥሮ አልተወውም፤ ያልተሳካው ለምን እንደሆነ ጠይቆ ከዚያ የዘርፉን መሠረታዊ ቃላት አወጣ። ቦታንና እሴትን፣ ስምንና የሚያመለክተውን፣ በሁሉም ላይ አንድ የሆነውን ሥራና በአንድ ስም የተጠቀለሉ ብዙ ሥራዎችን ለየ። ማስታወሻዎቹ ሳይታተሙ፣ ሽልማቱ ሳይገኝ፣ መጽሐፉም ሳያልቅ ቢሞትም ይህ ልማድ በተማሪዎቹና በባልደረቦቹ በኩል ቀጥሏል።

የማፕድ ታይፕ ያልተጠበቀ ጠባይ ክፍፍሉ ዛሬም ሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚደነግጠው ፓራሜትሪክ ነው ብሎ የጠበቀው ነገር አድሆክ ሆኖ ሲገኝ ነው። አዲስ ቋንቋ የሚነድፍ ተመራማሪ ንጹሕ ሕግን ለጥቅም ሲል መተው ሊኖርበት ይችላል፤ በተወበት ቦታ ግን በአጻጻፉ ላይ የሚታይ ምልክት ቢያኖር ተጠቃሚው በመጀመሪያ ንባብ ይረዳዋል።